ዓርብ፣ ዜሮ ሰዓት

«ደመናው ቀድሟል» አለች ነኢማ።

ቶሚ ቀና አላለም። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ እየቆራረጠ ሲያዋርደው ስለዋለ ገመዱን በፕላስተር እየጠቀለለ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ተማሪው ወደየቤቱ ሄዷል። ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«የቱ ደመና?»

«የኔ ነዋ፣ አውሎ ነፋሱ። ጅቡቲ አጠገብ መድረስ የነበረበት ነገ ማታ ነው። እሱ ግን ዛሬውኑ ደርሷል።»

የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ስልክ አስጠጋችለት። ከሳተላይት በተነሳው ምስል ላይ አንድ ትልቅ የተጠቀለለ ደመና ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ዞሮ ባሕሩ ላይ ተኝቷል። ቶሚ አየት አደረገና «ያምራል» ብሎ ወደ ገመዱ ተመለሰ። ለቶሚ የአየር ሁኔታ ማለት ጃኬት ልልበስ ወይስ አልልበስ ማለት ነው።

ነኢማ «የኔ» ስትል ማጋነኗ አልነበረም። አውሎ ነፋሱን የምትከታተለው ገና ከሶኮትራ ደሴት ወዲያ ቅርፅ የሌለው የደመና ክምር ሳለ ጀምሮ ነው። ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ስትወርድ፣ ማታ እናቷ «ብርሃኑን አጥፊና ተኚ» እስክትላት ድረስ፣ በእናቷ ስልክ የት እንደደረሰ ታያለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር የክፍሎች ግጥሚያ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ከእረፍት በኋላ ይዘንባል» ብላ ተሳቀባት። ሁለተኛው አጋማሽ ግን በውሃ ውስጥ ተጫወቱት። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ሜትሮ» ሆነ። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ ቶሚም በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት የምታቀርበው «ሰማይ ምን ይላል» የሚል ዝግጅት ከፈተላት። ስሙን ያወጣው እሱ ነው፣ ይኮራበታል።

ማክሰኞ ጠዋት በዚሁ ማይክ «አውሎ ነፋሱ ዓርብ ሌሊት የጅቡቲን ጠረፍ ይመታል» አለች። አብዛኛው ተማሪ ጅቡቲ ብትመታ ምን ገዶት። የክፍሏ ልጅ ቶሌራ ግን ሰልፉ እንደተበተነ መጣ። የነቶሌራ ቤተሰብ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበትን መሬት ያርስ ነበር፤ አሁን አባቱ ጋሽ ሆርዶፋ የጭነት መኪና ይነዳሉ።

«አባዬ እዚያው ጅቡቲ ነው» አላት። «ሐሙስ ከሰዓት ጭኖ ማታ ሊወጣ ነው። መንገድ ላይ ይይዘኛል ወይ እያለ ነው።»

«ሐሙስማ ምንም የለም። ዓርብ ሌሊት ነው አልኩ እኮ። ያን ጊዜ ጋላፊን አልፈው አገራቸው ገብተዋል።»

እንዲህ ነበር ያለችው፤ ሳትጠራጠር፣ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ። አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ሾፌሩ ሁሉ ሰምቷል። ቀኑን ግን አንዱ ሲያቀርበው ሌላው ሲያርቀው፣ ጋሽ ሆርዶፋ የእሷን ያዙ።

አሁን ነኢማ የትንበያውን ካርታ እንደገና ከፈተች። አውሎ ነፋሱ የሚያልፍባቸው ነጥቦች በመስመር ተያይዘዋል፤ ጠረፉን የሚነካው ነጥብ አጠገብ «ዓርብ፣ 00» የሚል አለ። ማክሰኞም ያነበበችው ይህንኑ ነበር። ዜሮ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፣ ቀኑ ዓርብ ነው፣ ስለዚህ ዓርብ ሌሊት። ምኑ ያስቸግራል?

በጣቶቿ ካርታውን አሰፋችው። ጥግ ላይ፣ ማንም የማያየው ቦታ፣ ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረ። ያኔ ነገሩ ገባት። የፈረንጆቹ ዓርብ የሚጀምረው እነሱ እኩለ ሌሊት ሲሉ ነው እንጂ እንደኛ ጎህ ሲቀድ አይደለም። የእነሱ ዓርብ ዜሮ ሰዓት ገና የእኛ ሐሙስ ሌሊት ነው። ግሪንዊች ከኛ ወደኋላ የሚቀርበትን ሦስት ሰዓት ስትጨምርበት ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ለዓርብ አጥቢያ፣ ማለትም ዛሬ ሌሊት።

«ቶሚ፣ አውሎ ነፋሱ አልቀደመም» አለች። «እኔ ነኝ በአንድ ቀን የተሳሳትኩት።»

ይሄኔ ቶሚ ገመዱን አስቀመጠ። ሁለት ጊዜ አስረዳችው። በሁለተኛው ሲገባው አፉን በእጁ ያዘ።

«የቶሌራ አባት!»

«ዛሬ ማታ ነው የሚወጡት። መንገዱ ላይ ስንት ደረቅ ወንዝ አለ መሰለህ፣ ከዘነበ ሁሉም ውሃ ነው። ሄጄ ልንገራቸው።»

«ንገሪያቸው፣ አሁኑኑ ሂጂ» አለ ቶሚ። ቦርሳዋን ስታነሳ ግን ክንዷን ያዘ አደረጋት። «ስሚኝ። ተሳሳትኩ ምናምን ማለት አይጠበቅብሽም። ፈጠነ በያቸው። አውሎ ነፋሱ ፈጠነ፣ ዛሬ ሌሊት ይገባል፣ በቃ። ማስጠንቀቂያው ያው ነው። ነገ በማይክም እንደዛ እንላለን። ካለበለዚያ እስክትመረቂ ድረስ ነው ሙድ የሚይዙብሽ።»

ነኢማ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። መንገድ ላይ ሐሳቡን አመነዠከችው፣ ሳትወድም አልቀረችም። ነፋስ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ ማን ይጠይቃል? ሰዎቹ ይድናሉ፣ እሷም ሜትሮ እንደሆነች ትቀራለች።

የነቶሌራ ቤት ከመጨረሻው የኮንዶሚኒየም ረድፍ ጀርባ ነው። ቶሌራ ደጃፍ ላይ ጫማውን እያጠበ አገኘችው። ፊቷን ሲያይ ጫማውን ጣለው።

«አባትህ ወጡ?»

«ጭኛለሁ፣ ፀሐይ ስትበርድ እወጣለሁ ብሎ ነበር። ምነው?»

«በናትህ ደውልላቸው።»

ኢሞው ጠራ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ጠራ። በሦስተኛው ከብዙ ሞተር ድምፅ መሃል የጋሽ ሆርዶፋ ድምፅ ተሰማ። ቶሌራ ስልኩን ሰጣት።

«ጋሽ ሆርዶፋ፣ ነኢማ ነኝ። የቶሌራ ክፍል…»

«የሰማይዋ ልጅ! እንዴት ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ። አውሎ ነፋሱ…» ቶሌራን አየት አደረገችው። «አውሎ ነፋሱ ፈጠነ። ዛሬ ሌሊት ይገባል። ባይወጡ ይሻላል።»

እንዲህ መቀለሉ እሷንም ገረማት። ቶሌራ አጠገቧ ቆሞ በአድናቆት ያያታል።

ጋሽ ሆርዶፋ ግን ጠየቁ። «ከማክሰኞ ወዲህ ነው ይህን ያህል የፈጠነው? አንድ ሙሉ ቀን?»

«አዎ።»

«እንዲያ ከሆነማ እየጋለበ ነው። እየጋለበ የመጣ ቶሎ ያልፋል። እስከ እኩለ ሌሊት እንጠብቀውና፣ እሱ ሲያልፍ እንወጣለን። አራት መኪና ነን፣ እነሱም የኔን አፍ ነው የሚያዩት። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ነኢማ ስልኩን ጨበጠችው። እኩለ ሌሊት ከወጡ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚገኙት የት ነው? ካርታውን አስባ አልጨረሰችውም፣ አላስፈለጋትም። መኪናዎቹ ሁሉ በደረቆቹ ወንዞች መሃል ናቸው። አውሎ ነፋሱ ከመጀመሪያው ባለው ፍጥነት እየመጣ ነው፣ አንዲት ሰዓት እንኳ አልቸኮለም። የቸኮለችው እሷ ናት።

«ጋሽ ሆርዶፋ፣ አይዝጉት!»

«አልዘጋሁም።»

«አልፈጠነም። ዋሽቼዎት ነው። ማክሰኞም የነገርኩት ስህተት ነበር። የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ዓርብ የሚለውን የእኛ ዓርብ አደረግኩት። ገና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚገባው። እኩለ ሌሊት ከወጡ መንገድ ላይ ያገኝዎታል።»

አፍራለች። ቶሌራን ለማየት አልደፈረችም። ከወዲያ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ፤ ጋሽ ሆርዶፋ መኪናውን አጥፍተው መሆን አለበት።

«ዘጠኝ ሰዓት» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን የምትዪኝን ታውቂዋለሽ?»

«ሰዓቱን አውቀዋለሁ። እናንተ ያላችሁበት መድረሱን ግን አላውቅም። ወደ በርበራ ሊያጋድልም ይችላል።»

«ከአስር ስንቱን ትሰጪዋለሽ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሁሉም የሚጠይቃት ይዘንባል አይዘንብም ብሎ ነው። ዓይኗን ጨፍና ነፋሱ ሊሄድባቸው የሚችሉትን የትንበያ መስመሮች መበታተን አሰበች፤ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንቱ ወደ ሰሜን እንደሚታጠፍ።

«ስድስት። ወይም አምስት።»

«ለአምስቱም ብዬ እዚሁ እተኛለሁ» አሉ ጋሽ ሆርዶፋ። «መኪናዎቹን ከፍ ወዳለው ቦታ እናወጣቸዋለን። በይ ለልጄ ስጪው።»

ቶሌራ ስልኩን ወስዶ ከአባቱ ጋር በኦሮምኛ ሲያወራ ነኢማ ግቢው መሃል ቆማ ታጥቦ ያላለቀውን ጫማ ታይ ነበር። ሲጨርስ ቶሌራ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ተናደድክብኝ?» አለችው።

«መጀመሪያ ላይ አዎ።» ጫማውን አነሳ። «ባትነግሪው ኖሮ ግን ይወጣ ነበር።»

ሌሊቱን ነኢማ ጥሩ አልተኛችም። ካርታው ላይ ደመናው ጠረፉን ሲሸፍነው አየች፤ ከደመናው ስር ምን እየሆነ እንደነበር ግን ካርታው አይናገርም።

ጠዋት የኅዳር ብርድ የሰልፉን ልጆች እጃቸውን ኪስ አስከትቷቸዋል። ቶሚ በሚኒ ሚዲያው ክፍል በር ላይ ይጠብቃት ነበር። በሚያምር የእጅ ጽሑፉ የጻፈውን ወረቀት ሰጣት፤ «አውሎ ነፋሱ ከተጠበቀው በላይ በመፍጠኑ» ብሎ ይጀምራል።

«ሌላ ነገር ሳትጨምሪ አንብቢና ውጪ» አላት። «ላንቺ ብዬ ነው።»

ለእሷ ብሎ መሆኑን ታውቃለች። ለዚህም ነው መናደድ ያልቻለችው። ወረቀቱን ይዛ ቆማ ሳለ ቶሌራ ሹራቡን ሳይቆልፍ እየሮጠ መጣ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጉልበቱን ተደግፎ ቆመ።

«አባዬ ንጋት ላይ ድምፅ ልኳል» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ትልቁ ነፋስ ወደ ሶማሊያ በኩል ነው የሄደው አሉ፣ እነሱን የነካቸው ጫፉ ነው። ግን ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቷል። የነሱ አራቱም መኪና ደህና ነው፣ ሸራ ብቻ ነው የተቀደደው።»

ነኢማ በሩን ተደግፋ ተነፈሰች።  ጫፉ ነው የነካቸው። ስድስት ወይም አምስት ያለችው ይሄው ነው፤ ትክክል ነበረች ማለት ይቻል አይቻል እሷም አላወቀችም።

«ደግሞ ምን አለ መሰለሽ» አለ ቶሌራ፣ ሳቁ እየመጣበት። «ልጅቷን ጠይቃት፣ ዝናቡ መቼ ያባራል? ግን በእኛ ሰዓት ትንገረኝ።»

ቶሚም ሳያስበው ሳቀ። ነኢማ የክበቡን ስልክ ከመሳቢያው አወጣችና አዲሱን ካርታ ከፈተች። መጀመሪያ ጥጉን አየች። በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

«ዛሬ ከሰዓት፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ» አለችው። «ከአስር ስምንቱን እሰጠዋለሁ። ውሃው ግን ዝናቡ ሲያቆም ወዲያው አይጎድልም፣ ከመውጣታቸው በፊት አይተው ይሁን በላቸው።»

ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ መዝሙሩ አለቀ። ቶሚ ማይኩን መታ መታ አደረገው። ፕላስተሩ ሠርቷል፣ ድምፁ አይቆራረጥም። ነኢማ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፋ ኪሱ ውስጥ መለሰችለት። እሱ ኪሱን፣ ከዚያ እሷን አየና ማይኩን አቀበላት።

«እንደምን አደራችሁ። ሰማይ ምን ይላል» አለች። ድምጿ ከትልቁ ስፒከር ወጥቶ ከፎቆቹ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። «ማክሰኞ የነገርኳችሁ ሰዓት ስህተት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከአሥረኛ ክፍል ሰልፍ አንዱ «ሜትሮ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ተዛመተ። ነኢማ ማይኩን ሳታወርድ እስኪያልቅላቸው ጠበቀች። ከዚያ ስለ ዛሬው ሰማይ መናገር ጀመረች፤ በመጀመሪያ የምታውቀውን፣ ቀጥሎም የማታውቀውን።