ሰበታ የወረደው ሞተር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከመሃል ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ሰው ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ እንቅልፍ አልጠገብክም ብዬ የማልፍ፣ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ያየሁትን አስቀምጣለሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ውሰዱት።

ባለቤቴ ኦቦ ገመቹ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሲያርፍ ቡራዩ ግቢያችን ውስጥ አንድ አሮጌ ሎንግ ቤዝ መኪና ትቶ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ የነዳው እሱን ነው፣ ሞተሩ ሲደክምም ራሱ አውርዶ ራሱ ይሠራው ነበር፣ መካኒክ አያስነካም። ሲሞት እንደ ሰው አላለቀስኩም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጎረቤቶች ታዝበውኛል። መኪናውን ልጃችን ቶሎሳ ያዘው፣ በሰበታና በተጂ መካከል እየተመላለሰ ሰውና እህል ይጭናል፣ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያኖረው በዚያ ገቢ ነው፣ ሊብሬው ግን በእኔ ስም ነው። ክረምት ሲገባ መኪናው ጭስ በጭስ ሆነ፣ ዘይት ይጠጣ ጀመር፣ ዳገት እምቢ አለ።

ቶሎሳ ሞተሩ ይቀየር ባይ ነበር፣ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር አግኝቷል፣ ሻጩም አሮጌውን በልዋጭ ይወስዳል። መካኒኩ ማቲዎስ፣ ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ ጋራዥ የከፈተ ረጋ ያለ ሰው፣ የራሱ ሞተር ይታደስ ይላል፣ ፒስተኑ ላይ ያለው የብረት ቀለበት፣ ፋሻ የሚሉት፣ ተቀይሮ ሲሊንደሩ ቢሞረድ ገና ብዙ ይሄዳል ነው የሚለው። "እማማ፣ የዱባዩን ማን ሲነዳው እንደኖረ አይታወቅም፣ የሰው በሽታ ነው የሚገዙት" አለኝ። ቶሎሳ ይህን ሲሰማ እሱስ የሞተ ሰው ሞተር ሊያስታቅፍሽ አይደል ወይ አለና ወዲያው አንገቱን ደፋ። እኔን ሁለቱም አልሞቀኝም አልበረደኝም፣ ግን የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር፣ ብሳሳት ደግሞ እንጀራ የሚያጣው የልጄ ቤት ነው። መጀመሪያ ተከፍቶ ልየው አልኩ።

በማቲዎስ ጋራዥ ሞተር ሲከፈት ባለቤቱ አጠገቡ ይቆማል፣ ኋላ ዕቃዬ ተቀየረብኝ እንዳይባል። ሞተሩ ከመኪናው በወረደ ዕለትም ብሎኖቹ ላይ ነጭ የቀለም መስመር ያሰምርባቸዋል፣ አንዱ ንቅንቅ ቢል ቀለሙ ይሰነጠቃል። በእኔ ፊት ነው የቀባው። ከዚያ ጉንፋን አስተኛኝና ሞተሩ አሥራ ሁለት ቀን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ባትሪ የለው፣ ናፍጣ የለው።

የሄድኩት ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጋራዡ ገና በዘጠኝ ሰዓት ጨልሟል፣ ከእኔና ከማቲዎስ በቀር ሰው አልነበረም። ዝናቡ ጋብ ሲል ጣ፣ ጣ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ቆርቆሮው ያፈሳል መሰለኝ፣ ማቲዎስም እንደዚያ መስሎት በስልኩ መብራት ጣራውን ፈለገ፣ ደረቅ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አቀረበ።

"አሁን የጠፋ ሞተር ሲቀዘቅዝ እንዲህ ይላል" አለ፣ ቀስ ብሎ።

እጄን አሳረፍኩበት። እመኑኝ፣ ይሞቃል፣ ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር እንደሚሞቀው። አጠገቡ እሳት ነበር ወይ አልኩት፣ የለም አለ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየናቸው፣ ደግመን አየናቸው፣ ቀለሙ የትም አልተሰነጠቀም። ቢቀር ይሻላል አላልኩም፣ እሱም አላለም፣ መፍታት ጀመረ።

የላይኛውን ክዳን ሲያነሳው ከሥሩ የተቀባው ማሸጊያ ሲሊኮን እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፣ ገና አልደረቀም። ማቲዎስ ጣቱ ላይ የቀረውን አሳየኝ፣ በመብራቱ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለው ሲሊኮን በአንድ ቀን ድንጋይ ይሆናል አለኝ። ጥላሸት ይጠበቅበት የነበረው ሲሊንደር አዲስ ተሞርዷል። አንዱን ፒስተን ስቦ አወጣ፣ ፋሻው አዲስ ነው።

"ማን ነው የከፈተው፣ እማማ?"

"ማንም።"

"የድሮ ሰው እጅ ነው፣ እኔ እንኳ እንዲህ አላጠራውም።" እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ይጸልያል፣ ዓይኑን ግን አልጨፈነም። "ሞተሩ እንከን የለበትም። መልሼ እዘጋዋለሁ፣ መኪናው ላይ ግን አልገጥመውም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቶሎሳ የደወለው ያኔ ነው፣ የዱባዩን ሞተር ሌላ ሰው ሊወስደው ስለሆነ ሻጩን ምን ልበለው አለኝ። ሞተሩ ፊቴ ነበር። ምንም አልተሰማኝም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ፍርሃትም አይደለም፣ ቀይረው አልኩት። ያየሁትን ለእሱ አልነገርኩትም።

አዲሱ ሞተር ደህና ነው፣ ልጄም ሥራ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ግን አሮጌውን ከሻጩ የገዛ የሱሉልታ ሰው ቁጥራችንን አፈላልጎ ደወለ፣ የእንጦጦን ዳገት ማርሽ ሳይቀንስ ይወጣል፣ ሌላም መኪና ስላለኝ ያንን ሞተር የሠራውን ባለሙያ አገናኙኝ ይላል። ቶሎሳ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።

"እማ፣ ማቲዎስ ሠርቶት ነበር እንዴ?"

"አልሠራውም።"

"ታዲያ ማን ልበለው?"

የልጆቹን ልብስ እያጠፍኩ ነበር፣ የያዝኩትን አጥፌ ጨረስኩ። ስም አፌ ድረስ መጣ፣ አልተናገርኩትም። ቁጥሩን ያዝለት፣ እንደውልለታለን አልኩት። በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተወው፣ ይኸው ዛሬም እዚያው ነው፣ በላዩ ሰሃን እያስቀመጥን እንበላለን።