ግማሹ የነጣ ኮምፒውተር

አሮጌ ኮምፒውተር እየሰበሰቡ የሚጠግኑት አዛውንት ወርክሾፓቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን የመታቸው ከባድ ትራንስፎርመር አጠገባቸው ወድቋል። ሐኪሙ «ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት» ከማለት አልፎ አልደፈረም።

ሬሳውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኘችው ልጃቸው ናት። የሥራ ሸሪካቸው ግን ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ።

«ከጧት ጀምሮ ከጋሼ ጋር ነበርን፤ ሌላ ሰው አልመጣም። ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ ግቢ ውስጥ ለነገው ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁትን ኮምፒውተር ክዳን ፀሐይ ላይ እያገላበጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገባችው እሷ ብቻ ናት።»

«መች ከወንድሜ ጋር ተስማምታ ታውቃለች! ዓይኗን በጨው ያጠበች!» አለች አክስቷ።

ልጅቱ ሽንጧን ገትራ ቆመች። «አልገደልኩም። ብታስሩኝም ያላደረግሁትን አላምንም።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ወደ ግቢው ወጣች። ክዳኑ በምዕራብ በኩል ካለው ረጅም ግንብ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ቆሟል። ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ቢጫ ፕላስቲክን የሚያነጣ ማንጫ ተቀብቷል። ወደ ምሥራቅ የዞረው ጎኑ ነጭ ነው፤ ወደ ግንቡ የዞረው ግን በዕድሜ ብዛት እንደ ሻይ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል።

«ይህን እንዴት ነበር የሚሠሩት?» አለቻት ልጅቱን።

«አባዬ በየግማሽ ሰዓቱ ያዞረዋል፤ ፀሐይዋ ስትሄድም ይከተላታል። አንዱ ጎን ብቻ ከነጣ ተበላሸ ማለት ነው። ለምሳ እንኳ አያቋርጥም።»

«አንቺ ጧት የት ነበርሽ?»

«ክፍል ውስጥ፣ ሳስተምር፤ እስከ ስምንት ተኩል። ሃምሳ ተማሪ አለልዎ፣ ይጠይቁ!»

ጠየቀች፤ እውነት ነበር። ከዚያ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እዚያ ግንብ ሥር ፀሐይ የሚደርሰው እስከ ቀትር ብቻ ነው» አለች። «በየግማሽ ሰዓቱ የሚያዞሩት ሰው አንዱን ጎን ለሰዓታት ትተውታል። ለምን? ሞተው ነበራ! ረፋድ ላይ። ያኔ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ናት። እዚህ የነበርከው አንተ ነህ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ያ ክዳን ፀሐይ አላየም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

የሸሪኩ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ገነፈለ።

«ሃያ ዓመት አቧራ የጠረግሁት እኔ! ለነገው ኤግዚቢሽን ‹ማሽኑን ያስነሳችው እሷ ናት› ብለው የእሷን ስም ጻፉ! የእሷን!»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ልጅቱ ገና አሁን አለቀሰች።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ ንጹሕ ነሽ» አለች አክስቷ።

«ንጹሕማ ቅድምም ነበርኩ፣ አክስቴ።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ነገ ማሽኑን ይዤ እሄዳለሁ። ከስሜ በላይ የአባዬን ስም እጽፋለሁ። የሚከለክለኝ ካለ ይምጣ!»