የኤሊዋ ሳንቲም

ይህ ነገር ሲሆን ሂዊ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤቷ ሉማሜ ነው፤ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት። እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ ሻይ ቤት አላቸው። ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ሂዊ ናት፤ እንደ እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዬ ነበረች። «ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ እንደኔ እንዳይሆኑ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ሂዊ ምን ትሰበስብ እንደነበር ገምቱ! የማስቲካ ወረቀት? አይደለም። የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ? እሱም አይደለም። የዓለም ሳንቲም! ዝሆን ያለበት፣ መርከብ ያለበት፣ መካከሉ ቀዳዳ የሆነ ሁሉ። አበረ፣ አትሳቅ፤ መካከሉ ቀዳዳ የሆነ ሳንቲም በእውነት አለ።

«ሀብታም ናት እንዴ?» እንዳትሉኝ። አንዱን ሳንቲም የምታገኘው በአንድ ብር ነው። ከሻይ ቤቱ አጠገብ የጋሽ አብዱልአሊም ሱቅ አለ። አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ይጋፋል፤ አንዱ ውኃ ይላል፣ ሌላው ብስኩት ይላል። በዚያ ጥድፊያ ከአንድ ብር ሳንቲም ጋር የሚመሳሰል የውጭ ሳንቲም ይገባል። ጋሽ አብዱልአሊም ወደ ማታ ገንዘባቸውን ሲያዩ «ዛሬም ሸወዱኝ!» ይሉና የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ይወረውሩታል። ለልጃቸው ለሰልሰቢልና ለሂዊ ደግሞ «አንድ ብሬን መልሱልኝና ውሰዱት» ይሏቸዋል።

ሰልሰቢልና ሂዊ የልብ ጓደኞች ናቸው። አንድ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለሁለት ቆርጠው ተካፈሉ። ለእያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ጉድጓድ ደረሳቸው። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በየተራ እጃቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ይከታሉ። ያወጣችው ልጅ ባለቤት ናት።

ሳንቲም ሲወጣ ሂዊ የእናቷን ስልክ ትከፍታለች። አጎቷ አማረ ደብረ ማርቆስ ሰዓት ይጠግናል፤ እሱም ሳንቲም ይወዳል። የዓለምን ሳንቲሞች ዝርዝር በቴሌግራም ልኮላታል። በዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ ሳንቲም ፎቶና ስንት እንደተሠራ አለ። አማረ ሁልጊዜ «የሚያብረቀርቀውን ተዉት። በሚሊዮን የተሠራው ሞልቷል። በጥቂት ቁጥር የተሠራውን ፈልጉ!» ይላቸዋል።

አንድ ማክሰኞ ተራው የሰልሰቢል ነበር። እጇን ከታ አንድ ጠቆር ያለች ሳንቲም አወጣች። በላይዋ ኤሊ አለች።

ሂዊ ስልኩ ላይ ፈለገች፤ አገኘችው! ሳንቲሟ የመጣችው ከአንዲት ትንሽ ደሴት ነው። የደሴቷ ስም ምላሴን ስለሚያስቸግረኝ ይቅር። ሂዊ ቁጥሩን ደጋግማ አነበበች። ሦስት ሺህ! በመላው ዓለም ሦስት ሺህ ብቻ!

«ስንት ይላል?» አለች ሰልሰቢል።

ልጆች፣ እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

«ሠላሳ ሚሊዮን» አለች ሂዊ። ስልኩንም ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ኤጭ፣ ተራ ናት። ደግሞ ጥቁር።»

«ከፈለግሽ በባለመርከቡ ልቀይርሽ።»

ባለመርከቡ ትልቅና የሚያበራ ሳንቲም ነው፤ ግን የትም አለ።

«ባለመርከቡን? ወላሂ የምርሽን ነው?» አለች ሰልሰቢል። ትንሽ አሰበችና ተሳቀቀች። «አይ፣ አከሰርኩሽ» ብላ ሁለት ከረሜላ ጨመረችላት። ሂዊ አንዱን ቀመሰችው። አልጣፈጣትም።

ሳንቲሟን ካርቶኑ ላይ አላስቀመጠቻትም፤ ሰልሰቢል ታያታለቻ! ፍራሽ ሥር ደበቀቻት። ለአጎቷም አልደወለችም፤ «ከየት አገኘሻት?» ቢላትስ? ሳንቲሟ ግን ጥቁር ናት። ሂዊ ልታሳምራት ፈለገች። እኛ ለኅዳር ጽዮን ጸናጽሉን በምን እንደምናጸዳ ታውቃላችሁ፤ በአመድና በሎሚ ነው። ሂዊም ሎሚዋን ቆረጠች፣ አመዷን ነሰነሰች፣ ፈተገች፣ ፈተገች። ሳንቲሟ ቦግ አለች! ሂዊ በደስታ ዘለለች። ዜማ፣ ግንባርሽን አትቋጥሪ፤ ገና ነው።

ቅዳሜ አማረ ሉማሜ መጣ። ሂዊ ታግሣ መቆየት አልቻለችም።

«ጋሼ፣ ይዩልኝ!»

አማረ ሰዓት ሲጠግን ዓይኑ ላይ የሚያደርጋትን ማጉያ አወጣ። አየና ከመቀመጫው ተነሣ። «ሦስት ሺህዋ! ሂዊ፣ ሦስት ሺህዋ ናት እኮ!» ደግሞ አየ። ከዚያ ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ።

«ምን አደረግሻት?»

«አጠብኳት። በአመድና በሎሚ።»

«በስመ አብ!» አለና ማጉያውን ሰጣት። ሂዊ አየች። የሳንቲሟ ፊት እንደታረሰ ማሳ በትልም ተሞልቷል። የኤሊዋ ጀርባ ጠፍቷል።

«ሰብሳቢዎች የተፈተገ ሳንቲም አይፈልጉም» አላት። «ባትነኪያት ኖሮ ብዙ ብር ታወጣ ነበር። አሁን ማንም አይገዛትም። ምነው ብትደውይልኝ?»

ለምን እንዳልደወለች እኛ እናውቃለን። ሂዊ ማልቀስ ጀመረች። «የኔ አይደለችም ጋሼ፤ የሰልሰቢል ናት» ብላ ሁሉንም ነገረችው።

«እንግዲያው ይህን ለእሷ ንገሪያት።»

«ብትጠላኝስ?»

«ልትጠላሽ ትችላለች። ቢሆንም ሂጂ።»

ሂዊ ሳንቲሟንና ካርቶኗን ይዛ ወደ ሱቁ ሄደች። 

«ሰልሰቢል፣ ሠላሳ ሚሊዮን አይደለም። ሦስት ሺህ ነበር። ዋሸሁሽ። ደግሞ ፈትጌ አበላሸኋት። ይቅርታ አድርጊልኝ። የኔን ሳንቲሞች በሙሉ ውሰጂ።»

ሰልሰቢል ኤሊዋን አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ አከሰርኳት ብዬ ስንት ቀን ቆጨኝ!» አለች። ኤሊዋን ወሰደች፤ ባለመርከቡን መለሰችላት። «አሁን ሂጂ» አለቻት።

በማግስቱ እሑድ ሂዊ እኔ ዘንድ መጣች። «ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አልታረቀችኝም» አለችኝ።

«ያንቺ ድርሻ እውነቱን መናገርና መመለስ ነበር፤ አድርገሽዋል። ይቅርታው የእሷ ነው። ጠብቂ» አልኳት። መጠበቅ ለሂዊ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው! ሰኞ ክፍል ውስጥ ሰልሰቢል ከሂዊ ርቃ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕም።

ሐሙስ ግን የሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆመ። ሰልሰቢል ናት! ቆርቆሮውን አቅፋዋለች።

«አባቴን ዛሬ አምስት ጊዜ ሸወዱት!» አለች። መሣቅ አልፈለገችም ነበር፤ ግን አመለጣት።

«አምስት?» ሂዊ ብድግ አለች።

«ያንቺን ሳንቲሞች አልፈልግም። ብቻዬን ሳወጣ ግን ደስ አይልም። ከእንግዲህ ስልኩ መካከላችን ይቀመጥ። ቁጥሩንም ጮክ ብለሽ አንብቢ።»

ሂዊ እጇን ከታ አንድ አወጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ፈለገች፤ አገኘች። ከዚያ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ስምንት መቶ ሚሊዮን!»

ሻይ የሚጠጣ አንድ ሹፌር «ብር?» ብሎ ተነሣ። ልጆቹ እንባቸው እስኪፈስ ሣቁ። ያ ሳንቲም ምንም የማያወጣ ተራ ሳንቲም ነው፤ ሂዊ ግን እስከ ዛሬ ከሁሉ አብልጣ ትወደዋለች።

ልጆች፣ ጓደኛችሁ የማያውቀውን እናንተ ብታውቁ፣ እውነቱን ንገሩት እንጂ አታታልሉት።