ሄደናል፤ አትፈልጉን

ጡረተኛው የአውቶብስ ሹፌር የቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሞቶ የተገኘው፣ ከሚስቱ ጋር ለጉዞ ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። በሩ ተዘግቷል፣ እሱ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ሞተሯ ይሠራል፤ ጭኑ ላይ በእጁ ጽሑፍ «ሄደናል፤ አትፈልጉን» የምትል ወረቀት ተቀምጣለች።

ፖሊሶቹ ራሱን ገደለ አሉ። ሚስቱ አሻፈረኝ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ተስፋ ቆርጦ ሞተ ተብሎ አይቀበርም! እውነቱ ሳይወጣ ማንም ከዚህ ንቅንቅ አይልም!»

መርማሪዋ የተጠራችው በዚህ ጩኸት ነው። ነገር የማታበዛ ሴት ናት። መጀመሪያ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ካርታ አየች፤ ተራሮቹና ጥንታዊዎቹ ከተሞች በቀይ ተከበዋል። የመጀመሪያው ማደሪያ ሟቹ የተወለደበት ከተማ ነው።

«ባለቤትዎ ወረቀቷን መቼ ጻፏት?» አለቻት ሚስቲቱን።

«ትናንት፣ እየሳቀ። በር ላይ ሊለጥፋት ነበር። ደግሞ ‹ሄደናል› ነው ያለው፤ ልሙት ያለ ሰው ሚስቱን ይጨምራል እንዴ?»

ልጃቸው እያለቀሰች ገባች። «በዚህ ዕድሜ ገደል ልትገቡ ነው ብዬ ተቆጥቻቸው ነበር። መንዳት ብችል እኮ እኔው እወስዳቸው ነበር!»

ጎረቤቱ መካኒክ ደግሞ፣ «ጠዋት ፍሬኗን አይቼለት ሄድኩ። መኪናዋ ያኔ ግቢው ውስጥ ነበረች» አለ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ትከሻውን ነቀነቀ። «ወንድሜ ጉረኛ ነበር፤ ስለ ራሱም ‹እኛ› ነው የሚለው።»

«መኪናዎ መውጫ ዘግታብኛለች» አለችው መርማሪዋ። «ወደ ኋላ መለስ ያድርጉልኝ።»

ቁልፉን ለመካኒኩ ወረወረለት። መካኒኩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በጠባቡ በር ወደ ኋላ አወጣት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበች።

«የመኪናዋ አፍንጫ ወዴት ነው?»

ሚስቲቱ ክው አለች። «ወደ ግድግዳው! በድንጋጤ አላየሁትም እንጂ... ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በኋላ ማርሽ ነው የሚያስገባት። መውጫዬን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም ይል ነበር።»

«ስለዚህ ሌላ ሰው ነው ያስገባት። ሻይ ብርጭቆው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ተኝቶ ነው የገባው። ልጅቱ አትነዳም። መካኒኩ የጓደኛውን ልማድ ያውቃል፣ ወደ ኋላ መንዳትም አይቸግረውም። የሚቸግረው እርስዎን ነው» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ። «የተወለዳችሁበት ከተማ ያለውን የእናታችሁን ቤት እየጠበቅሁ ነው ይሉት ነበር አይደል? እዚያው ደውዬ ጠየቅሁ። ከሸጡት ሰባት ዓመት ሆኗል። ነገ ወንድምዎ በሩን ሊያንኳኳ ነበር።»

«ይቅርብህ ብዬ ለመንኩት!» ጮኸ ወንድምየው። «እምቢ አለኝ!»

«እምቢ ማለትማ ያውቅበታል» አለች ሚስቲቱ። እንባዋ እየወረደ ኮራችበት።

ከወር በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ሻንጣዋን ጭና መኪናዋን አስነሳች። መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያዋ ወረቀት ፖሊስ ጋ ስለቀረች፣ በራሷ እጅ ሌላ ጽፋ በሩ ላይ ለጥፋለች። ልጅቷ አንብባ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ ‹ሄደናል› ይላል። ብቻሽን እኮ ነሽ!»

«በደንብ አንብቢው» አለች እናትየው፤ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ መውጫው ነበር።