የረቡዕ ማኪያቶ

«ጊታር የሚያስተምር? ልጆቼ፣ እኔ አውታሩን እሸጣለሁ እንጂ መምህሩን አልሸጥም!»

ጎንደር አራዳ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጠው ሰው ይህን ተናግሮ በገዛ ቀልዱ ሳቀ። ሕይወት ግን ለመሳቅ አቅም አልነበራትም። እሷና ጓደኛዋ ፅዮን ከትምህርት ቤት ከወጡ ጀምሮ ያላንኳኩት በር የለም። የአንድ ሠርግ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች «ጊታሪስታችን ባሕር ዳር ሠርግ ሊያጅብ ሄዶ እዚያው አገባ» ብሎ አሰናበታቸው። አንድ አዝማሪ ደግሞ «እኔ አለሁላችሁ» ብሎ መሰንቆውን ይዞ ወጣ።

«አያ፣ ይኼ እኮ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው» አለችው ፅዮን።

«አንዱን ሳይችሉ ስድስት የሚመኙ ልጆች!» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ባለ ሱቁ ሳቁ ሲያልቅለት ልጆቹ አሳዘኑት መሰል፣ በጣቱ ወደ ማዶ አመለከተ። «የልብስ ሰፊዋ የወይዘሮ ዝናሽ ልጅ አለ፤ ፊልጶስ ይባላል። ከእናቱ ሱቅ ጓዳ ሆኖ ሕፃን አዋቂ ሳይለይ ያስተምራል። ሸጋ ልጅ ነው፤ ብቻ ሥርዓት ያበዛል።»

ፊልጶስ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ሕይወትን ምንም ሳይጠይቃት አንድ አውታር ነካና «ይህን በድምፅሽ መልሽልኝ» አላት። መለሰችለት። ሌላ ነካ፤ እሱንም መለሰች። ሦስቱን አከታትሎ ቢመታ ሦስቱንም እንደ ቅደም ተከተላቸው አዜመችለት። ፊቱ በራ።

«ይህን ጆሮ ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው፤ ቁስቋም» አለች ሕይወት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መሪጌታ ወልደ ገብርኤል።»

«ስማቸውን ሰምቻለሁ፤ አይቻቸው ግን አላውቅም። እንግዲህ መጥተው ያችን ወንበር ሲይዙ እንጀምራለን።»

ከግድግዳው ሥር አንዲት የእንጨት ወንበር ባዶዋን ተቀምጣ ነበር። ፊልጶስ የማይሻር ደንብ ነበረው፤ ልጅ የሚማር ከሆነ የመጀመሪያውን ትምህርት ከወላጆቹ አንዱ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ማድመጥ አለበት። «በመጀመሪያው ወር ጊታር ሙዚቃ አይደለም፤ ጩኸት ነው» አላቸው። «ጩኸቱ ወዴት እንደሚሄድ ያልሰማ ቤተሰብ ልጁንም ጊታሩንም ይጠላል።»

ሕይወት አንገቷን ደፋች። ፅዮን ግን አፏ ከሐሳቧ የሚቀድም ልጅ ናትና፣ «አባቷማ ደስ ብሏቸው ነው የላኳት! የፊታችን ረቡዕ ራሳቸው ይመጣሉ!» አለች።

ሕይወት ቀና ብላ አየቻት። «አይደለም» ለማለት ጊዜ ነበራት፤ አላለችም። ዝም ያለ ሰው አልዋሸሁም ብሎ ራሱን ያጽናና ይሆናል፤ ነገር ግን ውሸቱ በዝምታው ታዝሎ ከቤት ወጥቷል።

እውነቱ እንዲህ ነበር። አክስቷ ሰርካለም ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር የወጣትነት ጊታሯን ለሕይወት ትታላት ነበር። አንድ አውታሩ ተበጥሶ በአምስት የቀረውን ይህን ጊታር ሕይወት ወደ ቤቷ አላስገባችውም፤ በፅዮን አልጋ ሥር ሸሸገችው። አባቷ አንድ ቀን ከጎረቤት ዘፈን የሚያስጮኸውን ድምፅ ማጉያ ሰምተው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይታለችና፣ ስለ ጊታሩ ጠይቃቸው አታውቅም። ጥያቄውን በልቧ ጠየቀች፤ መልሱንም በአባቷ ድምፅ ለራሷ ሰጠች፤ «አይሆንም!»

«አሁን ምን ልናደርግ ነው?» አለች ከሱቁ እንደ ወጡ።

«አታካብጂ። አጎቴ አንዱዓለም አለ አይደል? ጢሙን ካሳደገ ቆይቷል።»

«ባጃጅ ነጂው? መሪጌታ ሊሆን?»

«ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ እኮ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ትምህርት አይጠይቅም።»

ረቡዕ ደረሰ። አንዱዓለም ጋቢ ደርቦ፣ የእናቱን ነጠላ በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ከባጃጁ መስታወት ላይ የፈታትን ጭራ በእጁ ይዞ ብቅ ሲል ሕይወት በአንድ ጊዜ መሳቅም መሸሽም አማራት።

«ምነው? አያምርብኝም?» አለ። «አባት ሆኜ አላውቅም፤ መሪጌታነቱ ከዚያ አይከብድም።»

«አጎቴ፣ በናትህ አትናገር!» አለችው ፅዮን። «ራስህን ነቅንቅ፣ ጭራዋን ወዝወዝ፤ በቃ።»

መጀመሪያ ሁሉ ነገር ሰመረ። ወይዘሮ ዝናሽ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው እጅ ነሡ። አንዱዓለም ጭራዋን ወዘወዘ። ፊልጶስ በሁለት እጁ ጨብጦ በወንበሯ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሕይወት የፊልጶስን ጊታር ታቀፈች፤ እሱም ጣቶቿን አንድ በአንድ ከአውታሩ ላይ አስቀመጠላት። አውታሩ ጣቷን ቢቆርጣትም፣ ከደረቷ ላይ የተነሣው ድምፅ እስከ ጀርባዋ ዘለቀ። የሚያስደስት ቀን መሆን ነበረበት። ነገር ግን ቀና ባለች ቁጥር የምታየው የውሸት አባት ነበር፤ እሱም ሳያውቀው ማዛጋት ጀምሮ ነበር።

ከጎረቤት ቡና ቤት አስተናጋጇ ብቅ አለች። «ምን ይምጣ?»

«መምህራችን፣ ምን ይምጣልዎ?» አለ ፊልጶስ በአክብሮት።

አንዱዓለም ከእንቅልፍ ጋር ሲታገል ስለ ነበር፣ ፅዮን ያዘዘችውንም ረሳ፤ ቀኑንም ረሳ። በየዕለቱ ባጃጁን አቁሞ የሚለውን እንደ ልማዱ አለ፤ «ለእኔ ማኪያቶ። ጠቆር ያለች ትሁን፤ አረፋዋን በዛ አድርጊያት!»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«በረቡዕ?» አሉ ወይዘሮ ዝናሽ። «በጾም ቀን… ወተት? መሪጌታ?»

«ወተቱ… ወተቱ ይቅር» አለ አንዱዓለም።

«አረፋውን ከምን ላምጣው ታዲያ?» አለች አስተናጋጇ።

ወይዘሮ ዝናሽ ተነሥተው ቀረቡ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጥምጥሙን መረመሩት። «ደግሞ ይህ ጥለት የሴት ነጠላ ጥለት ነው! ሰውዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰፋ የኖርሁትን እኔን ልታታልል?»

ፊልጶስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ፅዮን በሩን ታያለች። ሕይወት ጊታሩን ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህኛውስ ሳምንት እንኳ አልቆየም።

«አባቴ አይደለም» አለች። «አባቴ ነገሩን ጨርሶ አያውቁም። ፅዮን ስትናገር ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።»

ፊልጶስ እንባውን እየጠረገ ዞረ። «አባትሽ ከለከሉሽ እንዴ?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«እንግዲያው የከለከለሽ ማን ነው?»

ሕይወት ጊታሩን አንሥታ ዘረጋችለት።

«ስሚኝ» አላት፤ ሳቁ ጋብ ብሎ ነበር። «ወንበሯ የትም አትሄድም። ጠይቀሽ እንቢ ቢሉሽ ሌላ ጊዜ ደግመሽ ትጠይቂያለሽ። በዚህ ዓይነት ግን በተጠየቅሽ ቁጥር አንድ አባት ልትፈጥሪ ነው። ጎንደር ውስጥ ስንት ጢማም ባጃጅ ነጂ አለ?»

«ብዙ ነን» አለ አንዱዓለም ጥምጥሙን እየፈታ። ወይዘሮ ዝናሽ እንኳ ፈገግታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

ሁለቱ ልጆች ወደ ፅዮን ቤት ሄዱ። እንደ ደረሱ ፅዮን ስልኳን አወጣች።

«በቃ፣ ተነቅቶብናል። ግን ጣጣ የለውም! በቴሌግራም ሌላ አስተማሪ አግኝቻለሁ፤ ወላጅ ምናምን አይልም። ቅዳሜ ሂጂና ጀምሪ። ቤት ለሒሳብ ጥናት ነው ትያለሽ።»

ሕይወት ስልኩን ተቀብላ አየችው። አስተማሪው በፎቶው ላይ ፈገግ ብሎ ያማረ ጊታር ይዟል። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ማንም አያግዳትም። በልቧ ግን በዚያ ክፍል ግድግዳ ሥር ወንበር ፈለገች፤ አላገኘችም። ስልኩን መለሰችላት።

«ጊታሬን ስጪኝ።»

«አሁን? በቀን? ሰው ሁሉ እያየሽ?» ፅዮን ጊታሩን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። «ቆይ፣ ነጠላ ላልብስልሽ።»

«ነጠላስ ለዛሬ በቅቶኛል» አለች ሕይወት፤ ሁለቱም እንደ ገና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ወደ ቁስቋም የሚያወጣውን ዳገት ጊታሩን በትከሻዋ አድርጋ ወጣችው። ጥቅምት ነበርና ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰላምታ የሰጧት ሰዎች ዓይናቸው መጀመሪያ ጊታሩ ላይ፣ ቀጥሎ ፊቷ ላይ ያርፍ ነበር። እሷም ሰላምታውን እየመለሰች አለፈች።

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያስቀጽሉ ነበር። በዚያ ግቢ ወረፋ ይከበራል፤ ተማሪው ተራው ሲደርስ ፊታቸው ቀርቦ ያጠናውን ያሰማል። ቃል ቢስት ወይም ዜማ ቢዘል መሪጌታ አይቆጡም፤ አንድ ቃል ብቻ ይላሉ፤ «ከራሱ!» ያን ጊዜ ተማሪው ምንም ያህል ቢርቅ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሕይወት ወደ ቤት አልገባችም። ከመጨረሻው ተማሪ ኋላ ጊታሩን ታቅፋ ተቀመጠች። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ዜማው ጠፋበት።

«ከራሱ» አሉት መሪጌታ። ዓይናቸው ግን ልጃቸው ላይ ነበር።

ተማሪዎቹ በየተራቸው አሰምተው ተነሡ፤ ማንም ግን ከግቢው አልወጣም። በመጨረሻ እሷ ቀረች። ቀርባ ተቀመጠች። አባቷ ጊታሩን አዩት፤ የተበጠሰውን አውታር ጭራ በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ እንደሚያደርጉት ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ።

«አሰሚኝ።»

«አባዬ፣ ጊታር መማር…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ከመካከል እንደ ጀመረች ታወቃት። አባቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሷው ቀደመቻቸው።

«ከራሱ ልጀምር» አለች ትንፋሿን ሰብስባ። «አባዬ፣ እርስዎ ዛሬ፣ በረቡዕ ቀን፣ አራዳ ላይ ማኪያቶ አዘው ነበር።»