ስድስት የውሸት ምልክቶች

«ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው የሰጠሁት!» አለች አክስቷ፣ ባዶውን ብርጭቆ ከጀርባዋ ደብቃ።

የቃሪያ ደም ፈላ። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ይስላል። ስትሮክ ከመታው ወር ከሳምንት ነው። እግሩ እየበረታ ቢመጣም ጉሮሮው ገና እሺ አላለውም። ቀጭን ውሃ መንገድ ስቶ ወደ ሳንባው ስለሚገባ፣ የሚጠጣው ከሐኪም ቤት በታዘዘ ዱቄት የወፈረ፣ ሙጫ የመሰለ ውሃ ነው፤ እሱንም አገጩን ወደ ደረቱ ደፍቶ፣ በማንኪያ።

«የሕክምና ባለሙያዋ ስንቴ ተናገረች? ሙድ ትይዢብናለሽ እንዴ?»

«ለመነኝ እኮ! ወንድሜ ውሃ ውሃ እያለ ሲለምነኝ አንጀቴ አልችል አለ።»

«አንጀትሽ ይገድለዋል!»

አክስቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቃሪያ ግን አላዘነችላትም። እንዲያውም እንባው የባሰ አናደዳት።

አባቷ በደህና እጁ አየሩን ወደ ታች ተጫነ። «ፍ... ሬን» አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው፤ የልጁ ሰይጣን ሲነሳ ከድሮም የሚላት ይህንኑ ነበር። ቃሪያ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው የመዋጥ ሕክምና ባለሙያዋ ነበረች። ገና ከመግባቷ ቁምሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የልምምድ ወረቀት አየች። በቀን ሦስት ጊዜ ማንኪያ በምላስ መግፋት፣ አጥብቆ መዋጥ። የምታሠራውም፣ ምልክት የምታደርገውም ቃሪያ ናት።

«የሳምንቱ ሃያ አንዱም ልምምድ ተሠርቷል? ጎበዞች! እንዲህ ከሆነማ ዛሬ ትንሽ ቀጭን ውሃ እንሞክራለን።»

የአባቷ ፊት በራ። ቃሪያ አክስቷን አፈጠጠችባት። አሁን እንኳ አትናገርም? ምን ዓይነት ሰው ናት? አክስቷ አንገቷን ደፋች።

ያኔ ነው ቃሪያ የራሷ ዝምታ የታወቃት። ረቡዕና ሐሙስ አንዱንም አላሠራችውም። ደክሞታል ብላ ከስልኳ ጋር ተጋደመች፤ ዓርብ ጠዋት ስድስቱን ሳጥኖች በአንድ ትንፋሽ ሞላቻቸው። ንዴቱ እንዳለ ወደ ራሷ ዞረ።

እስክሪብቶ አንስታ ስድስቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ሰረዘች።

«እነዚህ ውሸት ናቸው» አለች። «አሁን ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ትን ብሎታል።»

«የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች አክስቷ በቀስታ።

ባለሙያዋ ትኩሳቱን ለካች፤ ትንፋሹን አየች። «ለጊዜው ደህና ነው። ቢያተኩሰው ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የቀጭን ውሃው ሙከራ ግን ሁለት ሳምንት ይዘገያል።»

አባቷ ቃሪያን በቁጣ አያት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ባለሙያዋ ከሄደች በኋላ ቃሪያ ማንኪያውን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። «ተናደድ። እኔም ተናድጃለሁ» አለችው። «የትም አልሄድም።»

ስልኳ ጮኸ፤ ዞር ብላም አላየችው። ክንዷ እስኪዝል ማንኪያውን እንደያዘች ቆየች።

በመጨረሻ አባቷ ዞረና አፉን ከፈተ። ማንኪያውን በምላሱ በንዴት ገፋው፤ ከእጇ ሊያስጥላት ምንም አልቀረው።

«አንድ» አለች።