የጭስ ማውጫውን ክዳን ማን ከፈተው

«ገዳዩን አውቀዋለሁ። አንቺን የምፈልግሽ እንድታስይዥልኝ ብቻ ነው» አለች ሀረገወይን በስልክ።

ሮማነወርቅ አዲስ አበባ ሳለች የፖሊስ መርማሪ ነበረች፤ አሁን ኦክላንድ ውስጥ የእሳት አደጋ መንስኤ የሚያጣራ ቢሮ ቀጥሯታል። ፍርዱን ራሱ ጨርሶ የሚጠራት ሰው ያናድዳታል። ቢሆንም የሀረገወይን ባል አቶ ዓባይነህ ትናንት ቀትር ላይ ከሳሎናቸው የጋዝ ምድጃ ፊት ወድቀው ተገኝተው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ አርፈዋል። ስለዚህ ሮማነወርቅ ቤቱ ድረስ ሄደው ለነበሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደወለች። የጋዝ ቧንቧው እንደማያፈስ፣ የጭስ ማውጫው ክዳን ክፍት እንደነበረና መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተው እንዳገኟቸው ነገሯት። ከዚያ መኪናዋን አስነስታ የሀረገወይን ቤት ወዳለበት ሳን ሆዜ ነዳች። ጊዜው በፈረንጆቹ 1985፣ የጥር ብርድ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተኳርፈው ጠበቋት። ሀረገወይን ጥቁር ለብሳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ታናሽ ወንድሟ ጋሻው፣ ካምቤል የሚኖረው ባለታክሲ፣ ክንዶቹን አጣምሮ ቆሟል። በሩ ጥግ ያለው ነጋሲ ነው፤ የጓሮዋን ክፍል የተከራየ፣ ሚልፒታስ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የሚሠራ ኤርትራዊ። ቁጭ በል ያለው ሰው የለም።

«ይሄውልሽ» አለች ሀረገወይን በአገጯ እያመለከተች። «ባለፈው ሳምንት ፋየርፕሌሱን ፊክስ አደርጋለሁ ብሎ ነካካው። ትናንት ባሌን ገደለልኝ። ሐኪሞቹ ደሙ በጭስ ተመርዟል አሉ። ፖሊስ ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል።»

«ታናሽ ወንድማችን ናቅፋ ላይ ነው የቀረው» አለ ጋሻው። «እኛ ደግሞ ጠላታችንን ጓሯችን አስቀምጠን እናሞቃለን! ስንቴ አስወጡት ብያለሁ።»

«ወንድምህን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለ ነጋሲ። «እሱ ናቅፋ ሲሞት እኔ ሚልፒታስ ሺፍት ላይ ነበርኩ።»

«አፍህን ዝጋ!»

«የማንም አፍ አይዘጋም። እኔ የመጣሁት ሰው ሲያወራ ለመስማት ነው» አለች ሮማነወርቅ። ነጋሲን ብቻውን ወደ ኩሽና ወሰደችው።

«ምኑን ነው የነካካኸው?»

«እትዬ ሀረግ ራሳቸው ጠሩኝ። ሊቪንግ ሩሙ ይሸታል፣ እሳቱም ደክሟል አሉኝ። መጀመሪያ ማቃጠያውን ክሊን አደረግኩት። ግን ችግሩ እዚያ አልነበረም። የጭስ ማውጫው ክዳን ተዘግቷል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይመለሳል፤ እሳቱም ንጹሕ አየር አጥቶ ቢጫ ሆኖ ይልፈሰፈሳል። ክዳኑን ከፈትኩት። ተመልሶ እንዳይገጥም ትንሽ የብረት ማገጃ አሰርኩበት።»

«ይህን ስትናገር ማን ሰማ?»

«ሁሉም ነበሩ። ጋሻውም ነበር። ክዳኑ ከተዘጋ ሰው ይሞታል ብያቸዋለሁ። አቶ ዓባይነህ ግን ጮኹብኝ። በዚያ ቀዳዳ ብርድ ይገባል፣ በቤቴ አንተ አታዝም አሉኝ።»

ሮማነወርቅን አልገረማትም። ሟቹን በቤተ ክርስቲያን ታውቃቸዋለች። በነሐሴ ሙቀት አውቶቡስ ውስጥ ተነስተው የሰው መስኮት የሚዘጉ፣ ከጥይት ይልቅ ነፋስ የሚፈሩ ሰው ነበሩ።

ቀጥላ ሀረገወይንን ጠየቀቻት። «ሽታው ምን ዓይነት ነበር?»

«ዓይን የሚቆጠቁጥ። የተቃጠለ ነገር የሚመስል። መስኮቱ ሁሉ በላብ ይርሳል፣ ራስ ምታት ይይዘናል። እሱ ከሠራው በኋላ እንኳ ትቶን ነበር። ግድግዳውንም ያን ጊዜ አጠብኩት።» ጥፋቱን ለነጋሲ ልትሰጥ ጀምራ ምስጋና ያመለጣት መሰላትና ከንፈሯን ነከሰች። «ትናንት እኔ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበርኩ። ያገኘው ጋሻው ነው።»

ጋሻው ሳይጠየቅ ነው የጀመረው። «ለምሳ መጣሁ። በሩን ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ፊቴን መታኝ። ጋዙ እየፈሰሰ ነበር! ጋሼ መሬት ላይ ናቸው። ወዲያው 911 ኮል አደረግኩ።»

«ወዲያው?»

«ወዲያው ነው የምልሽ! ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል?»

ሮማነወርቅ ሳሎኑን መዞር ጀመረች። ከምድጃው አፍ በላይ ነጩ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ወጥቷል። ጎንበስ ብላ የክዳኑን እጀታ በባትሪ አየችው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ነው፣ የጣት ቦታ ግን ተጠርጓል። ከዚያ ጥግ ካለው ስልክ ፊት ቆመች። እያሽከረከሩ የሚደውሉበት የድሮ ስልክ ነው። የቁጥሮቹን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በመሐረቧ ጠረገች፤ መሐረቧንም አጥፋ ያዘች።

«ሆስፒታሉ የሰጠዎት የእሳቸው ልብስ የት አለ?» ስትል ሀረገወይንን ጠየቀች።

«ከረጢቱን አልከፈትኩትም። አልቻልኩም።»

«ያምጡት። ሁላችሁም እዚህ ተቀመጡ። አንተም ተቀመጥ ነጋሲ።»

ጋሻው ሊቃወም ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ተወው።

«ይህን ጥቁር እዩት» አለች ወደ ግድግዳው እየጠቆመች። «እትዬ ሀረግ ባለፈው ሳምንት አጥበውታል፤ ስለዚህ አዲስ ነው። ክዳኑ ክፍት ቢሆን ጭሱ ሽቅብ ይወጣል እንጂ ግድግዳ አይልስም። ትናንት ይህ እሳት ሲነድ ክዳኑ ዝግ ነበር።»

«ፋየርማኖቹ ክፍት ነው ያገኙት!» አለ ጋሻው።

«አዎ። ስለዚህ አንድ ሰው ዘግቶታል፣ ሌላ ሰው ከፍቶታል። እትዬ ሀረግ፣ የኮቱን ኪስ ይዩልኝ።»

ሀረገወይን ከረጢቱን ፈታች። ከባሏ የቤት ኮት ኪስ ፒንሳ ወጣ፤ ቀጥሎ የጣት ስፋት የሌላት የብረት ማገጃ ወጣች።

«ያሰርኩት እሱን ነው» አለ ነጋሲ።

«ራሳቸው ፈቱት» አለች ሮማነወርቅ። «ብርዱን ፈርተው፣ ከዚያም በላይ የነጋሲን ምክር መስማት ንቀው ዘጉት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ይህም ጭስ እንደዚያው ነው። ራስን ያዞራል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከዚያ ጉልበት ያሳጣል።»

ሀረገወይን ማገጃዋን ጨብጣ ማልቀስ ጀመረች። «ታዲያ ማን ከፈተው?»

«ከአምቡላንሱ በፊት እዚህ የገባው አንድ ሰው ነው። ጋሻው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሳይቃጠል ሲያፈስ ነው። ቧንቧው አያፈስም። የተዘጋ ምድጃ የሚሸተው እህትህ እንዳለችው ነው። ነጋሲ ቧንቧ አበላሸ እንዲባል ፈጥረህ ተናገርክ። እዚህ ስትገባ ክዳኑ ዝግ መሆኑን አየህ፤ ነጋሲ ያስጠነቀቀ ጊዜ ነበርክና ነገሩ ወዲያው ገባህ። ዝግ ሆኖ ከተገኘ ነጋሲ ነጻ ነው። ስለዚህ ከፈትከው።»

«ብከፍተውስ? አየር እንዲገባ ነዋ!»

«አየር የፈለገ መስኮት ይከፍታል።» መሐረቧን ዘረጋችው። ሁለት ጥቁር ነጥቦች ነበሩበት። «ከስልኩ ቀዳዳዎች ጥቀርሻ ያለባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዘጠኝ ቁጥርና አንድ ቁጥር። 911 የደወለው ጣት እጀታውን ነክቶ የመጣ ጣት ነው። መጀመሪያ ማስረጃውን አጠፋህ፣ ከዚያ እርዳታ ጠራህ።»

«የሞቱ መስሎኝ ነው!» ጋሻው ጮኸ። «በወንድሜ ነፍስ! የሞቱ መስሎኝ ነው!»

«አምቡላንሱ ሲደርስ ይተነፍሱ ነበር» አለች ሮማነወርቅ።

ሀረገወይን ማልቀሷን አቆመች። ከሶፋው ተነስታ ወንድሟ ፊት ቆመች። «ነካኸው?»

«ምን?»

«መሬት ላይ ወድቆ ስታየው። ያን ብረት ሳትነካ በፊት ባሌን ነካኸው? እጁን እንኳ?»

ጋሻው ሊዋሽ ፈለገ፤ ፊቷን እያየ አልቻለም። «አልነካኋቸውም።»

ነጋሲ ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። ይቅርታ የጠየቀውም የለም።

በሩ ተንኳኳ። ጋሻው የእህቱን ክንድ ያዘ። «ሀረግ፣ ሁለት ወንድም ነበረሽ፤ አንዱ ናቅፋ ቀርቷል። ለዚህ ሰው ብለሽ?»

ክንዷን አስለቅቃ ሄዳ በሩን ራሷ ከፈተች። ፖሊሱ ባርኔጣውን አውልቆ ሐዘኗን እንደሚጋራ ነገራት፤ ከዚያ ነጋሲ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ።

«እሱ አይደለም» አለች ሀረገወይን በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «የእኔ ወንድም ነው።» ፖሊሱ እንዲገባም ከበሩ ፈቀቅ አለችለት።